ሁለት የብሎን ቀዳዳ

ከሰላ ድንጋይ ማዶ፣ ከአንድ ጭድ ቤት ጓዳ፣
በአይሱዙ ተጭና፣ በገመድ ተቀፍድዳ፣
ጠባሴ ወረደች በውርጩ ማለዳ።
ከኋላ ወንበሯ፣ ከተቀደደው ስፖንጅ
ባለቤቱ ሰባት እንቁላል አወጣ፤
ሁለቱን ለእኔ ሰጠኝ፣ ቀብድ መሆኑ ነው፣
ቀሪውን በባርኔጣው ይዞ «አደራ» ብሎኝ ወጣ።
ኮፈኗን ስጠርገው፣ አፍንጫዋ ላይ
ስም የለም፤ ስሟ የነበረበት
ሁለት የብሎን ቀዳዳ።

ሠፈሩ ተሰብስቦ ስም ሲያወጣ ዋለ።
«ሸቭሮሌት ነች» አለ ደምመላሽ፣ በሯን ቆርቆር፣ ፈገግ እያለ፤
«የለም፣ ፎርድ ነች» አለ ጎሚስታው፣ በሙያው ማለ፤
ባጃጅ የሚነዳው ልጅ «የጣሊያን ነች» ብሎ
የሚሰማው አጥቶ ቀለለ።

እኔ ቁጥር ፍለጋ በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁ፣
ከበሩ መቃን ሥር ግማሽ አኃዝ አወቅሁ፤
ስድስት ይሁን ስምንት፣ ላይኛውን ዝገት በልቶታል፣
ዝገት ደግሞ የበላውን መቼ ይናገራል።

ፍሪሲዮኗን ስፈታ ቡሽ ወጣ። የእውነት ቡሽ፣
ዘይት የጠገበ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ።
«ጋሼ፣ መኪና ናት ወይስ ጠርሙስ?» አለ ተለማማጄ ሽመክት።
ሣቅን። ወዲያው ግን ሣቄ አለቀብኝ፤
ሃያ ስምንት ዓመት ብረት ስፈታ
ይህን መሳይ ነገር አልገጠመኝ።

ሽመክት አያቱን ይዞ መጣ፣ አቶ ወልደሰንበትን፣
የደሴ መንገድ ረዳት የነበሩትን፣
ሞራ ዐይናቸውን ከጋረደው ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸውን።
«ምን ትመስላለች?» አላሉም፤ ቀለሟንም አልጠየቁ፤
ብርድ ልብሳቸውን ሰብስበው
እጀታዋን ጨብጠው ጥቂት ጠበቁ።
ከዚያ እግራቸውን ሰደዱ፤
ሰው መኪና ላይ ይወጣል፣
እሳቸው ግን ወረዱ።

ወለሏ ከበሩ ደፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል፤
ጉልበቴ ሦስት ቀን ሲነግረኝ
ዐይኔ መች ይሰማል።

«ሐድሰን» አሉ፤ ዝግ ብለው፣ የሟች ስም እንደሚጠሩ።
«ጣርማ በር ላይ፣ በጉም፣ ሌሎቹ ሲንሸራተቱ፣ ሲዞሩ፣
ይቺ መሬቱን እንደ ድመት ተጠግታ
ትወርድ ነበር በዳሩ።»
«ቡሹስ?» አልኩ። ሣቁ፤ ጥርስ የለም፣ ድድ ብቻ።
«ሌላው ረዳት ሻንጣ ሲጭን
እኔ ከየሆቴሉ ጓሮ ክዳን መልቀም ነበር ሥራዬ፣ እሱን ብቻ።»

ለቀምኩ እኔም። ከሸዋ ሮቢት ቡና ቤት፣ ከሠርግ ድንኳን ሥር፣
መቶ ስምንት ቡሽ፣ አንዳንዱ ወይን ጠጅ እንደለበሰ፤
በምላጭ ከርክሜ ዘይት ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣
ጋራዡ ሁለት ሳምንት የድግስ ሽታ ነፈሰ።
የቀኝ መብራቷን ክፈፍ ደብረ ሲና ደረስኩበት፣
ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ፣ መስታወት ገብቶበት፤
ጢሜን እየተላጨሁ ነው የተደራደርኩት፣
ምላጩ አንገቴ ላይ ሳለ ዋጋ ጠራ፤
እሺ አልኩት።

አራተኛው ቸርኬ ግን አርማንያ ተገኘ፣
ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ላይ፣ ደወል ሆኖ።
ርዕሰ መምህሯ ፈቀዱ፤ በፋንታው የአይሱዙ ሰቀልኩ፣
ያው ብረት ነው ብዬ፣ ልቤ ተዝናንቶ፣ ኮርቶ፣ ጀግኖ።
ሰኞ ዘበኛው ቢመታ፣ ቢመታ፣ ማንም አልገባም፤
ልጆቹ ከአጥር ውጭ ቆሙ።
«ይሄ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው» አሉ፤ «እኛን አይደለም።»
ማክሰኞ መለስኩት።

ይኸው ትሄዳለች፤ ሦስት እግር የራሷ፣ አንዱ የውሰት፣
ትንሽ ወደ ግራ ትስባለች።
ባለቤቱ «ስሟን ጻፍባት» አለኝ፣ «ገዢ እንዲያውቃት»፤
ቀለሙን ገዝቻለሁ። ጣሳው እንደታሸገ ነው።
ንፋስ ሲያገኛት በሁለቱ ቀዳዳ ታፏጫለች።
በአርማንያ ሳልፍ፣ ጧት ሁለት ሰዓት፣ ደወሉ ከተመታ፣
መሪዋ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል ለአፍታ።
«የቸርኬ ሚዛን ነው» ይለኛል ሽመክት።
ይሆናል።